የሚያስለው ሰው አይጠጋቸው

እሑድ ነበር። ባጃጇን ሁሉቃ ወንዝ ዳር ወስጄ አጠብኳት። ስመለስ እህቴ የመንትዮቹን ጨርቅ አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣለች። አኮ በርጩማቸውን ፀሐይ ላይ አውጥተው፣ ሲምቦን በአንድ ጉልበታቸው ናኦልን በሌላው አስተኝተው ቅባት ይቀቧቸዋል። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። የእህቴ ባል የገመቹ እናት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን አኮ ነው የሚላቸው። ለሲምቦ ክርስትና ከወንጪ መጥተው፣ ድግሱ ካለፈ በኋላም ልጆቹን ልጥገባቸው ብለው ሰንብተዋል።

«ና እስቲ ኢልመ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። «የዚች አፍንጫ የእኔ ነው፣ አይደል?»

«የእርስዎ ነው፣ አኮ።»

«የዚህኛውስ?»

«እሱማ የእኛ ቤት ነው።»

«አየህ፣ ቀጥ ያለው የእኛ፣ ጠፍጠፍ ያለው የእናንተ። እግዜር ማካፈል ያውቅበታል።»

ገመቹ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፣ ሳቃቸውም ወደ ሳል ተለወጠ። ከክርስትናው ማግስት ጀምሮ ያስላቸው ነበር። ሁለት እጃቸው ልጆቹን ስለያዘ አፋቸውን የሚሸፍኑበት አልነበራቸውም። ልጆቹ ላይ ጎንበስ እንዳሉ አሳሉ።

የእህቴ እጅ ገመዱ ላይ ቆመ። ገመቹን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እኔንም ያስለኝ ነበር። ጨርቁን ማስጣቷን ቀጠለች።

በቤታችን የመጨረሻው ደህና ቀን ያ ነው።

ስማችንን ቀይሬያለሁ። እህቴን አስካለ እላታለሁ። ጻፈው ያለችኝ እሷ ናት። እኔ መጻፍ ልማዴ አይደለም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ባጃጅ ነው የምነዳው። ሲምቦ የለችም። ናኦል ድኗል። ባጃጇ ላይ ወጥቶ ጡሩምባ ይነፋል፣ ሰፈሩን ይረብሻል። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት፣ የምታነቡኝ እናቶች እንደ እኛ እየፈራችሁ ከሆነ፣ አንዱ መትረፉን አውቃችሁ እንድታነቡ ብዬ ነው።

በአስካለ ደም ውስጥ ኤች አይ ቪ አለ። ያወቀችው ገመቹን ከማግባቷ በፊት ነው። ነገረችው። አሰበበት። አገባት። እሱ የለበትም። እኔን ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ከእኔ ልትደብቀው አልቻለችም። ከሦስታችን ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አኮም አያውቁም ነበር።

መድኃኒቷን የምታመጣው ከአምቦ አይደለም። ሆስፒታሉ ከቤታችን ቅርብ ነው። ግን እዚያ ሲስተር አለምነሽ ትሠራለች። ሲስተር አለምነሽ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት፤ እድራችንም አንድ ነው። ክፉ ሰው ሆና አይደለም። «ለሰው ባትናገር እንኳ እሷ ታውቃለች» ትል ነበር አስካለ። «ጠዋት እንዴት አደርሽ ባለችኝ ቁጥር ምን እያሰበች ይሆን እያልኩ ልኖር ነው።» ስለዚህ ጊንጪ ትሄዳለች። ማንም የማያውቃት ከተማ። እርግዝናዋን እዚያ ተከታተለች፣ እዚያ ወለደች፣ የልጆቹም ክትትል እዚያው ሆነ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። የጊንጪው ሰው ደግሞ አምቦ ይመጣል።

የልጆቹ የደም ምርመራ ውጤት የደረሰ ቀን አብሬያት ነበርኩ። ክትትሏን የያዘችው ባለሙያ፣ «ሁለቱም ቫይረሱ የለባቸውም» አለች። አስካለ አለቀሰች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ባለሙያዋ ግን ገና አልጨረሰችም ነበር።

«ስሚኝ፣ አስካለ። መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ። የእነሱንም የመከላከያ ሽሮፕ በሰዓቱ ስጪ፣ ጡትሽንም አጥቢያቸው። አንድ ነገር ደግሞ አለ። ልጅ ከእናቱ የሚወርሰው የሕመም መከላከያ በእንዲህ ያሉ ልጆች ላይ ሊያንስ ይችላል። እነዚህ ደግሞ መንታ ናቸው፣ ቀናቸው ሳይሞላ ነው የመጡት። ለሌላ ልጅ ጉንፋን የሆነው ለእነሱ ሊከብዳቸው ይችላል። የሚያስለው ሰው አይጠጋቸው።»

«እሺ» አለች አስካለ።

በሚኒባስ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያወራነው ስለ መጀመሪያው ነገር ብቻ ነው። የለባቸውም። ገመቹ ስንነግረው ወደ ጓሮ ሄዶ ቆይቶ ነው የተመለሰው። የኋለኛውን ነገር ያነሳነው ክርስትናው ሲደርስ ነው። አስካለ ናት ያነሳችው።

«የሚያስለው ሰው ቢመጣስ?»

«ምን ብለን ነው የምንከለክለው?» አለ ገመቹ።

ወልዳ የተኛች ሴት ቤት ሰው ይገባል። እንኳን ማርያም ማረችሽ ይላል፣ ልጁን ይታቀፋል፣ ይስማል። ልጄን አትንኩብኝ ያለች እናት ምክንያት ትጠየቃለች። አንዷ ለአንዷ ታወራለች። አስካለ የፈራችው ያንን ምክንያት ነው። አንዱን ነገር ከነካነው ሁሉም የሚወጣ መሰለን። ስለዚህ ዝም አልን፤ በክርስትናው ቀን ሲምቦና ናኦል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ዋሉ።

ከእሑዱ በኋላ የሲምቦ አፍንጫ ተደፈነ። ቀጥሎ ሳል ጀመራት፤ ትንሽ፣ ደረቅ ሳል። ገመቹና አስካለ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዷት። ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። አግዳሚው ሞልቶ ስለነበር ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ተራችን ሲደርስ የገባነው በመጋረጃ ወደተከለለ ክፍል ነው። ባለሙያው ወጣት ልጅ ነው። ደረቷን በደንብ አዳመጠ፣ ጉሮሮዋን አየ።

«እናትየው የሚታወቅ ሕመም አለባት? ዘወትር የምትወስደው መድኃኒትስ?»

ከመጋረጃው ማዶ አግዳሚው ላይ ሁለት የሰፈራችን ሴቶች ተቀምጠው ነበር። ጫማቸው ከሥር ይታያል።

«የለም» አለ ገመቹ።

አስካለ የሲምቦን ኮፍያ አስተካከለች።

«እንግዲያው ጉንፋን ነው፤ አትስጉ» አለ ልጁ። የሳል ሽሮፕ አዘዘ። እሱን አልወቅሰውም። ለነገርነው ነገር ትክክለኛውን መልስ ነው የሰጠን።

ሽሮፑ ምንም አላደረገም። ሲምቦ መጥባት ቀነሰች። የጠባችውን ትመልሳለች። አኮ ታቅፈዋት አፏን በጣታቸው ከፍተው አዩ።

«እንጥሏ ወርዶ ነው» አሉ። «ወተቱን የሚመልስባት እሱ ነው። ወንጪ የሚቆርጥ ሰው አለ፣ እጁ ቀላል ነው። ልላክበት?»

«አይሆንም፣ አኮ» አለች አስካለ።

«ገመቹን ማን አስቆርጦ ነው ያሳደገው? ይኸው በሬ አክሏል።»

«አይሆንም አልኩ።»

አስካለ አማቷን እንዲህ ተናግራ አታውቅም። አኮ ወደ እኔ ዞሩና፣ «የከተማ ሴት ምላጭ ትፈራለች» አሉ፤ ነገሩን በቀልድ ሊያልፉት ፈልገው ነው። እውነታቸውን ነው፣ አስካለ ምላጩን ነበር የፈራችው። ደምን ከማንም በላይ ትፈራለች። ለምን እንደሆነ ግን ልትነግራቸው አልቻለችም። የተቀየሟት ስለመሰላት፣ ሲምቦን ከእጃቸው ልትቀበል ዘርግታው የነበረውን እጇን መለሰች። አኮ እያሳሉ እሽሩሩ አሏት።

እኔ የምተኛው ቤታችንን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ወዲህ ነው። ሌሊት የሲምቦ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር። ቶሎ ቶሎ ይሄዳል፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ያቃስታል። ድምፁ ሲቆም እፈራለሁ። ሲጀምርም እፈራለሁ። አስካለ በሹክሹክታ «ውጤቱ ተሳስቶ ቢሆንስ?» ትላለች። «ገመቹ፣ ይዟት ቢሆንስ? በእኔ ቢሆንስ?» ገመቹ «አይሆንም፣ አይሆንም» ይላል። ሦስታችንም የምንፈራው አንዱን ቫይረስ ብቻ ነበር። ስንፈራው ስለኖርን ሌላ የሚያስፈራ ነገር ያለ አይመስለንም ነበር። ጉንፋን ይገድላል ብሎ ያሰበ የለም።

ሲነጋ አስካለ የሲምቦን ደረት ገልጣ አሳየችን። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድኗ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አፍንጫዋ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጡት ሲሰጧት አፏን ታስጠጋና፣ ትንፋሽ ሲያጥራት ትተወዋለች። የከንፈሯ ዳር ጠቁሯል።

«ባጃጇን አስነሳ» አለኝ ገመቹ።

«ጊንጪ ነው የምንሄደው» አለች አስካለ።

«አስኩ፣ ሆስፒታሉ እኮ እዚህ ነው።»

«አለምነሽ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ማታ ስትወጣ አይቻታለሁ። እዚህ ከሄድን እንደ ክሊኒኩ የለም ነው የምንላቸው። የለም ካልን ሽሮፕ ይሰጡናል። ጊንጪ ያውቁናል። እዚያ ሁሉን መናገር እችላለሁ።»

ገመቹ ሲምቦን በጋቢ ጠቀለላት። እኔም ልክ ነች ብዬ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ስትናገረው ልክ ይመስል ነበር።

ናኦልን ለአኮ ሰጥተናቸው ወጣን። እሱ ያን ጠዋት ደህና ነበር፤ ጠብቶ ተኝቷል።

ወደ መናኸሪያው የሚወስደው መንገድ በሆስፒታሉ በር ነው የሚያልፈው። ስደርስ ፍጥነቴን ቀነስኩ። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ሁለቱም ዓይናቸው ሲምቦ ላይ ነበር። ዘበኛው የምንገባ መስሎት በሩን ከፍቶ ወደ ጎን ቆመልን። አለፍነው።

ባጃጇን መናኸሪያ አቁሜ አብሬያቸው ሄድኩ። ሚኒባሱ ገና አልሞላም። ረዳቱ «ጊንጪ፣ ሆለታ፣ አዲሳባ» እያለ ይጣራል። ገመቹ ሕፃን ታማለች እንሂድ ቢለው፣ «እሺ ጋሼ፣ ሁለት ሰው ብቻ» ይላል። ከኋላ ወንበር አንድ ወፍራም ሰው፣ «የሁለቱን እኔ እከፍላለሁ፣ ንዳ በለው» አለው። «ወትሮም የሦስት ሰው ቦታ ነው የምይዘው።» ሰዎች ሳቁ። ሄድን። ያንን ሰው ከዚያ ወዲህ አግኝቼው አላውቅም፤ ባገኘው ባጃጄ ላይ እስከፈለገበት አደርሰው ነበር።

ሕፃኗን ብርድ እንዳይመታት ብለው ተሳፋሪዎቹ መስኮቱን ሁሉ ዘጉልን። ለደግነት ነው። ውስጡ ታፈነ። አስካለ ጆሮዋን ወደ ሲምቦ አፍ አስጠግታ ሄደች። መንገዱን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ጆሮዋን ነው።

ጊንጪ ስንደርስ ያቺ የክትትሏ ባለሙያ ከሩቅ አይታን ሮጣ መጣች። ሲምቦን ተቀብላ አስገባቻት። ኦክስጅን አደረጉላት። አንድ ሐኪም ደረቷን በሁለት ጣቱ ይጫናል። አስካለ ማንም ሳይጠይቃት «ቫይረሱ አለብኝ፣ መድኃኒቴን አላቋረጥኩም፣ እሷ የለባትም» ትላለች፤ ደጋግማ፣ ሁሉም ሰው እየሰማ። እዚያ መናገር አይከብዳትም። ሐኪሙ ጣቶቹን አነሳ።

ባለሙያዋ መጥታ ወለሉ ላይ ከአስካለ ጎን ተቀመጠች።

«ያደራችሁት አምቦ ነው?»

«አዎ።»

ሌላ ነገር አልጠየቀችንም። ብትጠይቀን ይሻል ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀበርናት። የሕፃን ቀብር አጭር ነው። ቤት ስንመለስ ድንኳን ተተክሏል። አንዱ ዓይን ነው ይላል፣ ሌላው ክርስትና የወጣች ቀን ብርድ መቷት ነው ይላል። ሲስተር አለምነሽ መጥታ የአስካለን እግር አጠበች። አኮ ናኦልን ታቅፈው፣ ሲያለቅሱ ያስላቸዋል፣ ሲያስላቸው ያለቅሳሉ።

የማግስቱን ጠዋት ከመናገሬ በፊት ኋላ የተማርነውን ልጻፍ። ናኦልም ታመመ። አምቦ ሆስፒታል ተኛ። እዚያ አንዲት ሐኪም ተቀምጣ አስረዳችን።

እናት በዘመኗ ይዘዋት ከለቀቋት ሕመሞች ሰውነቷ የሠራው መከላከያ አለ። ፀረ እንግዳ አካል ይሉታል። በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት ያንን በእንግዴ ልጁ በኩል ለፅንሱ ታቀብለዋለች። ሕፃኑ የራሱን እስኪሠራ የመጀመሪያዎቹን ወራት በእናቱ ነው የሚጠበቀው። ኤች አይ ቪ ባለባት እናት ግን፣ ቫይረሱ ወደ ልጁ ባይሄድም እንኳ፣ የምታቀብለው መከላከያ አንዳንዴ ያንሳል። በሁሉም ላይ አይደለም፤ መድኃኒቷን ቀደም ብላ ጀምራ በደንብ ስትወስድ ይሻላል። ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ ልጅ ደግሞ ገና ሲቀበል ነው የሚቋረጥበት። በእኛዎቹ ላይ ሁለቱም ምክንያቶች ነበሩ።

ሕመሙ በትንንሾቹ የሳንባ ቱቦዎች ውስጥ ነው። ቱቦዎቹ ያብጣሉ፣ በንፍጥ ይደፈናሉ። «የትኛው ቫይረስ እንደሆነ የሚለይ መሣሪያ እዚህ የለንም» አለች ሐኪሟ። «አርኤስቪ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። እኔንና አንተን ቢይዘን አፍንጫችንን ጠርገን ሥራ እንውላለን።» እሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የላቸውም። ልጁ ራሱ እስኪያሸንፈው በኦክስጅንና በምግብ ይደግፉታል።

ገመቹ፣ «ጡቷ ጎድቷቸው ይሆን?» አላት።

«ይሄን ያቆየው ጡቷ ነው።»

አስካለ ቀና አላለችም። «ከሆዴ ነው እኮ የጎደለባቸው» አለች።

«ያለሽን ሰጥተሻል» አለች ሐኪሟ። «የቀረውን መሙላት የእኛ ነበር፤ በዙሪያቸው ያለን ሰዎች።»

ናኦል አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ፣ በአፉ የምግብ ቱቦ ተደርጎለት ሰነበተ። አስካለ ጡቷን በኩባያ ታልባለች፣ ነርሷ ጠብ ጠብ እያደረገች በቱቦው ታስገባለታለች። የእሱም ደረት እንደ ሲምቦ ይሰረጉድ ነበር። ጉንፋኔ ለቆኝ መግባት ሲፈቀድልኝ ደረቱን ማየት ስለማልችል እግሩን ነበር የማየው። ከባኮ የመጣች የአንዲት እናት ልጅ ከጎኑ ተኝቶ ነበር። በቆሎ ቆልታ ይዛ መጥታለች። እፍኝ እየዘገነች እጃችን ላይ ታስቀምጣለች፤ ብሉ አትልም፣ ዝም ብላ ታስቀምጣለች። አንድ ቀን ነርሷ አስካለን ጡት ሞክሪለት አለቻት። አስካለ ሰጠችው። ቆየ፣ ቆየና በድዱ ነክሶ ጎተታት። «አመመኝ» አለች። ሲምቦ ከሞተች ወዲህ ያን ቀን ነው ጥርሷን ያየሁት።

ሳሉን ማን ወደ ቤት እንዳስገባው አይታወቅም። አኮ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔም ልሆን እችላለሁ። በክርስትናው የሳማት ማንም ሊሆን ይችላል። እኔ የምለምናችሁ እንዲህ ነው። ቫይረሱ ያለብሽ እናት፣ ምርመራው የለባቸውም ሲልሽ ደስ ይበልሽ፤ ግን ባለሙያው ቀጥሎ የሚናገረውንም ስሚ። ጡትሽንና መድኃኒትሽን አታቋርጪ፣ ክትባታቸውን አታሳልፊ። ልጅሽ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂጂ። የሚያውቁሽ ቢሆኑም። ሲጠይቁሽም ንገሪያቸው። እናንተ ጠያቂዎች ደግሞ፣ የሚያስላችሁ ከሆነ እንኳን ማርያም ማረችሽን ከበር ላይ በሉ።

የቀረኝ ያ ጠዋት ነው።

ሲምቦን በቀበርን ማግስት፣ ከመጋረጃው ማዶ ያንን ድምፅ ሰማሁ። ቶሎ ቶሎ፣ መጨረሻው ላይ የሚያቃስት። እንቅልፍ ውስጥ ያለሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የአስካለ እግር ወለሉን ሲነካ ሰማሁ። ስወጣ ናኦልን በነጠላዋ ጠቅልላ ቆማለች። ገመቹ ጫማውን ያጠልቃል።

በድንኳኑ በኩል ነው መውጫው። ሰዎች ገና ሲነጋ መጥተው ተቀምጠዋል። አንዲት ሴትዮ ተነሱ።

«ወዴት ነው? ሐዘንተኛ እኮ ከቤት አይወጣም። ሰው ምን ይላል?»

አስካለ በአጠገባቸው አለፈች። ባጃጇን አስነሳሁ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኩም። ሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ መሪውን አዞርኩ።

ድንገተኛ ክፍል ያለችው ሲስተር አለምነሽ ነበረች፤ በዚያን ቀን የቀን ተረኛ ነበረች። አስካለን ስታይ ለቅሶ ቤት ትታ መውጣቷ ግራ አጋብቷት ብድግ አለች። ከዚያ የተጠቀለለውን አየች። ተቀብላ አልጋው ላይ አስተኝታ ገለጠችው። ደረቱን አንዴ አየችና ኦክስጅን አምጡ አለች። ሰዎች በዙሪያችን ተራ ይጠብቃሉ። ግማሹ ያውቀናል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው? እናትየው የምትወስደው—» አለችና አቆመች። እናትየው ጎረቤቷ መሆኗ ትዝ ብሏት ይመስለኛል። ገመቹ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበር አላውቅም።

«ኤች አይ ቪ አለብኝ» አለች አስካለ። «መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ጊንጪ ነው ክትትሌ። እሱ የለበትም። የትናንቷም የለባትም ነበር። እንዲህ ስትተነፍስ ነው የሞተችው።»

ሲስተር አለምነሽ ጭምብሉን ናኦል ፊት ላይ እያደረገች ነበር። እጇ አልቆመም።

«እሺ፣ ደህና አደረግሽ» አለች። «ያንን ወንበር ሳቢና እዚህ አጠገቡ ሁኚ።» ከዚያ ወደ እኛ ቀና አለች። «ከእናንተ ማን ያስለዋል?»

«እኔ» አልኩ።

«አንተ ውጭ።»

ወጣሁ። ባጃጇን ከበሩ ማዶ አቁሜ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳልቆይ አኮን አየኋቸው። ዱላቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው፣ ከለቅሶ ቤቱ በእግራቸው መጥተዋል። ዳገቱ አድክሟቸው ያስላቸዋል። ወርጄ በሩ ላይ ቆምኩላቸው።

«የት ነው ልጁ?» አሉኝ በኦሮምኛ።

«ውስጥ ነው፣ አኮ። ኦክስጅን አድርገውለታል። እርስዎ ግን አይገቡም።»

«ማነው የከለከለኝ? እሷ ናት?»

«ማንም አይደለም። ያስልዎታል። ሳል ትንንሽ ልጆችን ይጎዳል። እኔንም ያስለኛል፤ እኔንም አስወጥተውኛል።»

ዓይኔን አዩኝ። ለምን እስኪሉኝ ጠበቅኩ። ከእሑድ ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት፣ ቤት ሙሉ ሰው ሆነን የፈራነው ያንን ጥያቄ ነበር።

«ይኸው ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው።»

«እሑድ ለምን አልነገራችሁኝም?»

የባጃጇን የኋላ ወንበር በእጄ ጠረግኩላቸው። ክንዳቸውን ይዤ ደግፌ አስገባኋቸው። እኔ የሾፌሩ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። አብረን የሆስፒታሉን በር ስናይ ቆየን። ሳሉ ሲመጣባቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ፊታቸውንም ከበሩ አዙረው አሳሉ።